«ኖርማል» ስለሚባለው የጨው ውሃና በኦፕራሲዮን በሽተኞች ላይ ስለሚያመጣው የደም መኮምጠጥ የቀረበ ትችት

በአገራችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ይሁን እንጂ መልአክ ሳይሆን ልማድ ስም ያወጣላቸው ነገሮች ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህም አንዱ በየሆስፒታሉ በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ተንጠልጥሎ የምናየው «ኖርማል ሳላይን» የተባለው የጨው ውሃ ነው። የበሽተኛው ዘመዶች በውስጡ ቅንጣት ስኳር ሳይኖርበት «ግሉኮስ ተሰቀለለት» ይላሉ፤ የሕክምና ተማሪዎችም ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ። ነገር ግን ሐኪሞች የሚጠሩበት ስም ከዘመዶቹ ስም የበለጠ እውነትነት የለውም። የዘመዶቹ ስሕተት ማንንም አይጎዳም። የሐኪሞቹ ስም ግን መድኃኒቱን መድኃኒት መሆኑን ስለሚያስረሳ በሽተኛን ሊጎዳ ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ፥ ኦፕራሲዮን በሚደረግላቸው በሽተኞች ደም ውስጥ በመድኃኒት ምክንያት የሚፈጠረውን አሲዶሲስ፥ ማለት የደም መኮምጠጥን፥ መመርመርና በዚህ ነገር ላይ በየጊዜው የታተሙት ጥናቶች ምን እንዳስረዱን፥ ምንስ እንዳላስረዱን መመዘን ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። በአንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን ውስጥ 9 ግራም የገበታ ጨው አለ፤ ይኸውም 154 ሚሊሞል ሶዲየምና 154 ሚሊሞል ክሎራይድ ነው። በጤነኛ ሰው የደም ውሃ ውስጥ ግን በሊትር ሶዲየሙ 140 ያህል፥ ክሎራይዱ 100 ያህል ነው። እንግዲህ ሶዲየሙ በአንድ አሥረኛ፥ ክሎራይዱ ደግሞ በግማሽ ያህል ከደም ይበልጣል። በኬሚስትሪ ቋንቋም ቢሆን «ኖርማል» የሚባለው የጨው ውሃ በሊትር 58.5 ግራም ጨው ያለበት ስለ ሆነ ስሙ በዚያም በኩል አይስማማውም። ስሙን ለመደገፍ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሆላንዱ ሊቅ ሐርቶግ ሐምበርገር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ያደረገው ምርምር ነው። እርሱ ቀይ የደም ሕዋሳት በልዩ ልዩ መጠን ጨው በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ምን እንደሚሆኑ መረመረ፤ የሰውን ደም ጨዋማነትም 0.92 በመቶ ገደማ አድርጎ ገመተ። ይህ ግን በብርጭቆ ውስጥ ስላሉ ሕዋሳት መፍረስና አለመፍረስ የተነገረ ነው። በሰው ደም ሥር ሦስት አራት ሊትር ቢፈስ ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም።

ክሎራይድ ሲበዛ ደም የሚኮመጥጥበትን ምክንያት ለመረዳት የሚከተለውን ሒሳብ ማሰብ ይበቃል። በደም ውሃ ውስጥ የአዎንታዊና የአሉታዊ ቻርጅ ድምር እኩል መሆን አለበት። ሶዲየሙ 140፥ ክሎራይዱ 100 ሲሆን በመካከላቸው 40 ያህል ልዩነት ይቀራል። ይህን ልዩነት በይበልጥ የሚሞላው ባይካርቦኔት ሲሆን፥ የቀረውን አልቡሚንና ሌሎች ይሞሉታል። በጨው ውሃው ውስጥ ግን ሶዲየምና ክሎራይድ እኩል ስለ ሆኑ ልዩነቱ ዜሮ ነው። ይህ ውሃ ከደም ጋር በተቀላቀለ ቍጥር ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል፤ የባይካርቦኔቱም ስፍራ ይጠባል፤ ደሙም ይኮመጥጣል። የቀድሞዎቹ መምህራን ነገሩን «ባይካርቦኔቱ በውሃ ቀጠነ» ብለው ያስረዱ ነበር፤ ፒተር ስቱዋርት በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ መነሻው በሶዲየምና በክሎራይድ መካከል ያለው ልዩነት መሆኑን አስተማረ። ሁለቱ ወገኖች በምክንያቱ ቢከራከሩም በውጤቱ አይለያዩም። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ውሃ ራሱ ፒኤቹ ዝቅ ያለ መሆኑን የሚጠቅሱ አሉ፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው የአሲድ መጠን እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ የነገሩ ምክንያት ያ አይደለም።

ይህ ሒሳብ በሰው ላይ መፈጸሙን በግልጽ ያሳየው በ1999 የታተመው የሻይንግራበርና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። የማኅፀን ኦፕራሲዮን የሚደረግላቸው 24 ሴቶች በሁለት ተከፍለው፥ ለአንደኛው ወገን የጨው ውሃ፥ ለሁለተኛው ሪንገር ላክቴት፥ በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 30 ሚሊሊትር ያህል ተሰጣቸው። በሁለት ሰዓት ውስጥ የጨው ውሃ የተቀበሉት ሴቶች ፒኤች ከ7.41 ወደ 7.28 ወረደ፤ ክሎራይዳቸውም ከ104 ወደ 115 ወጣ። የሪንገር ላክቴቱ ወገን ፒኤች ግን አልተለወጠም። በዚህ ጥናት የሚተች ነገር ቢፈለግ፥ የበሽተኞቹ ቍጥር ጥቂት መሆኑና የፈሳሹ መጠን ከተለመደው እጅግ የበዛ መሆኑ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ያለጥርጥር አረጋግጧል፤ በሽተኛዋ ሳትደማ፥ ደሟ ሳይመረዝ፥ ኩላሊቷም ሳይታመም፥ በሐኪሙ እጅ በተሰጣት ፈሳሽ ብቻ ደሟ ሊኮመጥጥ ይችላል።

ከዚህ የሚነሣው አደጋ የመኮምጠጡ ነገር ብቻ አይደለም። በእኔ አስተያየት ይልቁን የሚያሠጋው ሐኪሙ መኮምጠጡን በሌላ ነገር መተርጐሙ ነው። የሚከተለውን እናስብ። አንጀቱ ታጥፎ ኦፕራሲዮን የተደረገለት ሰው በማግሥቱ ደሙ ሲመረመር ባይካርቦኔቱ ዝቅ ብሎ፥ ቤዝ ዴፊሲቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። ተረኛው ሐኪም የተማረው እንዲህ ያለ ውጤት የሾክ፥ ማለት ደም ወደ ሕዋሳት በበቂ አለመድረሱ፥ ምልክት መሆኑን ነው። ስለዚህ «ፈሳሽ አንሶታል» ብሎ ሁለት ሊትር የጨው ውሃ ያዝዛል። ከስድስት ሰዓት በኋላ ውጤቱ ብሶ ይገኛል፤ ሐኪሙም ሦስተኛ ሊትር ይጨምራል፤ ምናልባትም «የተሰፋው አንጀት ፈስሶ ይሆናል» ተብሎ በሽተኛው ዳግመኛ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ይገባል። መድኃኒቱ በሽታውን ፈጠረ፤ በሽታውም መድኃኒቱን አሳዘዘ። ይህን አዙሪት ለመቍረጥ የሚያስፈልገው የክሎራይዱንና የላክቴቱን ቍጥር ማየት፥ በበሽተኛው ካርድ ላይም እስካሁን ስንት ከረጢት እንደ ገባ መቍጠር ብቻ ነው። በሾክ ጊዜ ላክቴቱ ይጨምራል፤ ከሶዲየም ላይ የክሎራይድና የባይካርቦኔት ድምር ሲቀነስ የሚገኘው አኒዮን ጋፕም ይሰፋል። በጨው ውሃ ጊዜ ግን ክሎራይዱ ይወጣል እንጂ ጋፑ አይሰፋም።

ሌላው የሚተች ልማድ፥ ኩላሊቱ ለታመመ ሰው ሪንገር ላክቴት በውስጡ ፖታሲየም ስላለበት አይሰጥም የሚለው ነው። አሳቡ ጥንቃቄ ቢመስልም ሒሳቡ አይደግፈውም። በሪንገር ላክቴት ያለው ፖታሲየም በሊትር 4 ሚሊሞል ነው፤ ፖታሲየሙ 5.5 ለሆነ ሰው 4 ያለበትን ፈሳሽ መስጠት ቍጥሩን ወደ 4 ይስበው እንደ ሆነ እንጂ በራሱ ከ5.5 በላይ ሊያወጣው አይችልም። በአንጻሩ የጨው ውሃው ምንም ፖታሲየም ባይኖርበትም፥ ደሙን ስለሚያኮመጥጥ በሕዋሳት ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ወደ ደም ያስወጣዋል። በ2005 በታተመው የኦማሊና የባልደረቦቹ ጥናት፥ ኩላሊት የሚተከልላቸው 51 በሽተኞች ሐኪሞቹም በሽተኞቹም ሳያውቁ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ከጨው ውሃው ወገን 19 በመቶ የሚሆኑት ፖታሲየማቸው ከ6 በላይ ወጣ፤ 31 በመቶውም ለአሲዶሲስ መታከም አስፈለጋቸው። ከሪንገር ላክቴቱ ወገን በሁለቱም በኩል አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። ፖታሲየምን ለመሸሽ ተብሎ የሚሰጠው ፈሳሽ ፖታሲየምን አመጣ ማለት ነው። ልማዱ ግን ይህ ጥናት ከወጣ በኋላም በብዙ ስፍራ ቀጥሏል።

እስካሁን የተነገረውን ብቻ አንብቦ «እንግዲያው የጨው ውሃ ይወገድ» የሚል ሰው ቢኖር ፍርዱ የቸኰለ ይሆናል። ትችት የሚጠቅመው ለሌላው ወገንም ጆሮ ሲሰጥ ስለ ሆነ፥ የጨው ውሃ ጠበቆች የሚያቀርቧቸውን ማስረጃዎች እንመልከት። በአሜሪካ በክሊቭላንድ ክሊኒክ የአጥንትና የትልቁ አንጀት ኦፕራሲዮን የተደረገላቸው 8,616 በሽተኞች፥ ሁለቱ ፈሳሾች በየሁለት ሳምንቱ እየተፈራረቁ ተሰጥተዋቸው በ2020 ውጤቱ ታተመ። ከባድ ችግር የደረሰባቸው በሪንገር ላክቴት ወገን 5.8 በመቶ፥ በጨው ውሃ ወገን 6.1 በመቶ ነበሩ፤ ይህም ልዩነት አለ ለማለት የሚያበቃ አይደለም። እንደዚሁም በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በ5,037 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2022 በታተመው ጥናት፥ በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት በአንደኛው ወገን 21.8፥ በሌላው 22.0 በመቶ ሆኑ። በሌላ በኩል በ2018 ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የታተመው፥ 15,802 በሽተኞች ያሉበት ጥናት፥ ሞትን፥ አዲስ ዲያሊሲስንና የኩላሊት መዳከምን አንድ ላይ ቈጥሮ፥ በተመጣጠኑት ፈሳሾች ወገን 14.3፥ በጨው ውሃ ወገን 15.4 በመቶ አግኝቷል። ይህ የመጨረሻው በአንድ ሆስፒታል ብቻ የተደረገ፥ ሐኪሞቹም የሚሰጡትን ፈሳሽ እያወቁ የሠሩት ስለ ሆነ ክብደቱ በዚያው መጠን ይታያል።

እነዚህን ጥናቶች አንዱን በሌላው ላይ አስነሥቶ «ማን ረታ» ማለት ብዙ አያስተምርም። ጠቃሚው ጥያቄ «የተሰጠው መጠን ስንት ነበር፥ ለማንስ ተሰጠ» የሚለው ነው። በክሊቭላንዱ ጥናት የበሽተኞቹ መካከለኛ መጠን ሁለት ሊትር ገደማ ነበር፤ በቫንደርቢልቱ ደግሞ አንድ ሊትር ገደማ ነበር። ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ሁለት ሊትር የጨው ውሃ ቢቀበል ትርፉን ክሎራይድ ቀስ በቀስ በሽንቱ ያስወጣዋል። ስለዚህ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲመረመሩ ልዩነት አለመታየቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ከዚህ ተነሥቶ ግን ብዙ ሊትር ለሚቀበለውና ኩላሊቱ ለደከመው በሽተኛም ልዩነት የለውም ብሎ መደምደም የአማካዩን ሰው ልብስ ለሁሉ መስፋት ነው።

ለዚህም ጥሩ ምስክር በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ ተደርጎ በ2023 የታተመው ጥናት ነው። ከሞቱ ሰዎች የተወሰደ ኩላሊት የሚተከልላቸው 808 በሽተኞች በዕጣ ተከፍለው፥ አንደኛው ወገን የጨው ውሃ፥ ሁለተኛው ክሎራይዱ 98 ብቻ የሆነውን ፕላዝማላይት የተባለ ፈሳሽ ተቀበሉ። በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀኖች ዲያሊሲስ ያስፈለጋቸው ከጨው ውሃው ወገን 40 በመቶ፥ ከሌላው ወገን 30 በመቶ ሆኑ። ከአሥር ሰዎች አንዱ የፈሳሹ ዐይነት በመለወጡ ብቻ ከዲያሊሲስ ዳነ ማለት ነው። ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል፤ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2015 ተጀምሯልና። ይሁን እንጂ በአገራችን ሥራው የተጀመረው በሕይወት ካሉ ዘመዶች ኩላሊት በመቀበል ነው፤ እንዲህ ያለው ኩላሊት ከሞተ ሰው ከተወሰደው ይልቅ ፈጥኖ ሥራውን ይጀምራል። ስለዚህ የ40ና የ30ው ቍጥር እንዳለ ወደኛ አይገለበጥም፤ የሚገለበጠው ጥያቄው ነው።

የጨው ውሃ ትክክለኛ መድኃኒት የሚሆንበትም ጊዜ እንዳለ መዘንጋት አይገባም። የጨጓራው መውጫ ጠቦ ለብዙ ቀን ያስመለሰው ሕፃን ከአሲዱ ጋር ክሎራይዱን ስላጣ ደሙ የመኮምጠጥ ተቃራኒ ሁኔታ ላይ ነው፤ ለእርሱ ክሎራይድ የበዛበት ፈሳሽ ፈውስ ነው። ጭንቅላቱ ለተመታ ሰውም የጨው ውሃ ይመረጣል፤ በብራዚል ተደርጎ በ2021 የታተመው ትልቅ ጥናት በእነዚህ በሽተኞች ላይ ብዙ ሞት ያየው በተመጣጠነው ፈሳሽ ወገን ነው። መድኃኒት ሁሉ የሚሰጥበትና የማይሰጥበት ሁኔታ አለው። የጨው ውሃ ግን «ኖርማል» ስለ ተባለ ሁኔታ የሌለው መስሎ ይታያል።

«ኖርማል» የሚለው ቃል የሚያታልልበት ሌላ ስፍራም አለ። ለስኳር በሽታና ለልብ ድካም የሚሰጡት ካናግሊፍሎዚን፥ ዳፓግሊፍሎዚን፥ ኤምፓግሊፍሎዚንና ኤርቱግሊፍሎዚን የተባሉት ክኒኖች ስኳርን በሽንት ያስወጣሉ። እነዚህን የሚወስድ ሰው ለኦፕራሲዮን ሲጾምና ሰውነቱ ሲጨነቅ፥ ስብ እየተቃጠለ ኬቶን የተባለ አሲድ በደሙ ይጠራቀማል። ኬቶአሲዶሲስ በተለመደው መልኩ ስኳሩ እጅግ በመውጣቱ ይታወቃል፤ በዚህኛው ግን ስኳሩ ኖርማል ወይም ለኖርማል የቀረበ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ተዘናግቶ ያልፈዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2020 የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ መድኃኒቶች ከኦፕራሲዮን ሦስት ቀን፥ ኤርቱግሊፍሎዚን ደግሞ አራት ቀን ቀደም ብለው እንዲቋረጡ በመድኃኒቶቹ መግለጫ ላይ አስጽፏል። የጨው ውሃን ስንተች ወደ ሌላው ጥግ ሄደን «ይህ መኮምጠጥ የሳላይን ነው፥ ይተወው» ማለት እንዳንጀምር ይህ ምሳሌ ያስጠነቅቀናል። በኬቶአሲዶሲስ አኒዮን ጋፑ ይሰፋል፤ መድኃኒቱም ኢንሱሊን ከዴክስትሮስ ጋር ነው። ጋፑ ራሱ ሳይቀር «ኖርማል» መስሎ ሊያታልል ይችላል። ብዙዎቹ የኦፕራሲዮን በሽተኞች አልቡሚናቸው ዝቅ ያለ ነው፤ አልቡሚን በዴሲሊትር 1 ግራም ሲቀንስ ጋፑ በ2.5 ያህል ይጠባል። እንግዲህ አልቡሚኑ 2 ለሆነ ሰው 12 የሆነ ጋፕ እንደ ሰፊ መቈጠር አለበት። ክኒኑን ይወስድ ለነበረ በሽተኛ ግን በጋፑ ብቻ ሳይወሰኑ በደሙ ያለውን ኬቶን ማስመርመር ይገባል።

በመጨረሻ ስለ ትምህርታችን ጥቂት ልጨምር። የአሲዶሲስ ምክንያቶች ለተማሪ የሚሰጡት በቃል እንዲያዙ በፊደላት በተቀነባበረ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ለፈተና ይረዳል፤ ነገር ግን በሽታውን ሁሉ ከበሽተኛው አካል እንደ መጣ አድርጎ ያቀርበዋል። በኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ የሐኪሙ የራሱ ትእዛዝ ነው፤ ይህም ከዝርዝሩ በአንደኛው ረድፍ ሊጻፍ ይገባው ነበር። በዚህ መሠረት ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቼ ተማሪዎች አራት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፥ በትእዛዝ ካርድ ላይ «ኖርማል ሳላይን» በመጻፍ ፈንታ «0.9 በመቶ የጨው ውሃ» ይጻፍ፤ መቶኛው ሲታይ መጠን ይታሰባልና። ሁለተኛ፥ አንቲባዮቲክና ሌላ መድኃኒት የሚበጠበጥበት የጨው ውሃም ከሊትሩ ጋር ይደመር፤ በቀን ውስጥ የማይናቅ ክሎራይድ በዚህ መንገድ ሳይታይ ይገባልና። ሦስተኛ፥ ባይካርቦኔት ዝቅ ብሎ ሲገኝ ተጨማሪ ፈሳሽ ከመታዘዙ በፊት ክሎራይዱ ይታይ። የደም ጋዝ መመርመሪያና የላክቴት ምርመራ በሌለበት ሆስፒታል እንኳ የገባውን ከረጢት መቍጠር፥ የሽንቱን መጠን መለካት፥ እጅና እግሩ መሞቅ አለመሞቁን መዳሰስ ይቻላል። አራተኛ፥ በሽተኛው ለኦፕራሲዮን ሲመዘገብ በቤቱ የሚወስዳቸው ክኒኖች በስማቸው ይጠየቁ፤ ማቋረጥ የሚገባው ከሆነም ቀኑ ከኦፕራሲዮኑ ቀጠሮ ጋር አብሮ ይነገረው።

ከእነዚህ ከአራቱ አንዱም አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልገውም። መምህራኖቻችን በበሽተኞች አልጋ ዙሪያ ሲያስተምሩን «ምን ያህል ፈሳሽ ገባ» ብለው እንደሚጠይቁን ሁሉ «ምን ያህል ክሎራይድ ገባ» ብለውም ቢጠይቁን፥ ከከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ቍጥር አንብበን ለመመለስ እንገደዳለን፤ ያን ጊዜም የጨው ውሃውን እንደ ማንኛውም መድኃኒት በመጠን ማዘዝ እንለምዳለን።